ኬሞ ላይ ፀጉር ለማትረፍ፦ ማሽኑ ይሻላል ወይስ በእጅ የሚቀየረው ቆብ?

አሜሪካ ያለሽ እህቴ፣ ለጡት ካንሰር ኬሞ ልትጀምሪ ከሆነ ስለ ራስ ማቀዝቀዣ ቆብ መስማትሽ አይቀርም። ዋጋውን ከመጠየቅሽ በፊት የምትወስጂውን መድኃኒት ስም ጠይቂ። ቅዝቃዜው የራስ ቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ፀጉሩ ሥር የሚደርሰው መድኃኒት ያንሳል። ታክሶል ከሚባለው የኬሞ መድኃኒት ጋር ደህና ይሠራል። አድሪያማይሲን የሚባለው ቀዩ መድኃኒት ካለበት ግን እኔ ብሆን ደጋግሜ ሳላስብ ገንዘቤን አላወጣም።

በ2017 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በማሽን የሚቀዘቅዘውን ቆብ ከተጠቀሙት ግማሽ ያህሉ ፀጉራቸው ተርፎላቸዋል። ካልተጠቀሙት አንዲትም አልቀናትም። "ተረፈ" ሲባል ታዲያ ከግማሽ በላይ አልረገፈም ማለት ነው እንጂ እንደነበረ ቀረ ማለት አይደለም።

ማሽኖቹ የስዊድኑ ዲግኒካፕና የእንግሊዙ ፓክስማን ናቸው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ቆቡ ውስጥ ይዞራል፤ አንዴ ካደረግሽው ቁጭ ማለት ነው። ችግሩ፣ ሆስፒታሉ ማሽኑ ከሌለው የለም። እንደ ፔንግዊን ያሉትን የእጅ ቆቦች ግን ተከራይተሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ቆቦቹን የሚያቀዘቅዝ ደረቅ በረዶ ትገዣለሽ፤ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ቆቡን የሚቀይርልሽ ሰውም ያስፈልግሻል። ቀኑን ሙሉ አጠገብሽ የሚሆን ከሌለ ይቅርብሽ።

ሁለቱም ከኬሞው በፊትም በኋላም ይደረጋሉ፤ ቀኑ ይረዝማል። ጭንቁ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ናቸው፤ ግንባርን ይነድላል። ወጪው ብዙ ጊዜ ሺዎች ዶላር ይገባል፤ ሄር ቱ ስቴይ የተባለው ድርጅት አቅም ለሌላቸው ያግዛል።

አሁን ወደ እኛ ፀጉር። ከርዳዳና ብዙ ፀጉር ቆቡን ከቆዳው ያርቀዋል። ዋሽንግተን ውስጥ በጥቁር ሴቶች ላይ የተሠራ አንድ ትንሽ ጥናት ውጤቱ ስላላማረ ሳያልቅ ቆሟል። ኒው ዮርክ ብሮንክስ ያለው ሞንቴፊዮሪ ሆስፒታል ደግሞ ፀጉሩን በውሃና በኮንዲሽነር አርሶ፣ በሹሩባ ወይም በመጠምዘዝ ከቆዳው ጋር እንዲተኛ ማድረግን ሞክሮ የተሻለ ውጤት አግኝቷል። ሹሩባው ጠብቆ እንዳይጎትት ብቻ። አናትሽ ላይ ክፍተት ከቀረ እዚያው ላይ ይመለጣል።

ስለዚህ ለእኛ ከማሽኑ ስም ይልቅ ቆቡን የምታጠልቅልሽ ነርስ እጅ ይበልጣል። ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ደውዪና "እንደኔ ዓይነት ፀጉር ላይ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ?" በይ። የቆቡን ልክም አስለኪ። አንድ ዙር ካለፈሽ በኋላ መጀመር ዋጋ የለውም።