ስምንት ወር የሠራንበት ባለሃይድሮሊክ ዶዚንግ ፓምፕ

አዳማ ውስጥ በምሠራበት ፋብሪካ ከአዋሽ የሚመጣውን ውሃ በአሸዋ ማጣሪያው ከማሳለፋችን በፊት ደለሉን የሚያያይዝ ኬሚካል፣ አሉም፣ እንጨምርበታለን፤ ዶዚንግ ፓምፕ የሚባለው ይህን ኬሚካል እየመጠነ የሚጨምረው ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ስለሚሆን የአሉሙ መጠን ጥቂት ካነሰ ደለሉ ማጣሪያውን አልፎ ይሄዳል፤ ከበዛ ደግሞ ገንዘብ ከመባከኑም በላይ የውሃው አሲድነት ይጨምራል። ቀድሞ የነበረን ፓምፕ በኤሌክትሮማግኔት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ሲሆን፣ ዲያፍራሙ (እየተለጠጠ ኬሚካሉን የሚገፋው ሽፋን) መሃሉ ላይ በቀጥታ ከዘንጉ ጋር የታሰረ ነበር። በአንድ ወገን የመስመሩ 6 ባር ግፊት እያረፈበት በሌላው ወገን ከአየር በስተቀር የሚደግፈው ነገር ስላልነበረ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ዙሪያውን እየተሰነጠቀ እንለውጠው ነበር።

አዲሱን ፓምፕ ከዚያ የሚለየው ከዲያፍራሙ ጀርባ ያለው ዘይት ነው። የሞተሩ ፍጥነት በካምቢዮው ተቀንሶ ፒስተኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሰዋል፤ ፒስተኑ ግን አሉሙንም ሆነ ዲያፍራሙን አይነካም፣ የሚገፋው በዝግ ክፍል ውስጥ የታመቀውን ዘይት ነው። ዘይት በግፊት እምብዛም የማይጨመቅ በመሆኑ ፒስተኑ የገፋውን ያህል ዲያፍራሙ ወደ ፊት ይለጠጣል፣ ከፊቱ ያለውንም ኬሚካል ያንኑ ያህል በላይኛው ቫልቭ ያስወጣል፤ ፒስተኑ ሲመለስ ዲያፍራሙም አብሮ ተመልሶ በታችኛው ቫልቭ አዲስ ኬሚካል ይስባል። የእኛው ፓምፕ ቫልቮች ሞላ የላቸውም፣ በገዛ ክብደታቸው መቀመጫቸው ላይ የሚያርፉ ኳሶች ናቸው። ከቴፍሎን የተሠራው ዲያፍራም (በእኛው ፓምፕ ሁለት ሆኖ የተደረበ ነው) ከፊትም ከኋላም ተቀራራቢ ግፊት ስለሚያርፍበት ሸክም አይሸከምም፤ ሥራው ዘይቱንና ኬሚካሉን መለየት ብቻ ነው። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ጊዜም አልለወጥነውም፣ ዋጋው ከቀድሞው ፓምፕ ሁለት እጥፍ በላይ መሆኑም ስለዚህ አይቆጨኝም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሳምንት አስጨንቆን ነበር። ማጣሪያዎቹ በሰዓት 40 ሜትር ኩብ ውሃ ያሳልፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 50 ግራም አሉም ስንሰጥ በሰዓት 2 ኪሎ ይሆናል፣ በአንድ ሊትር 100 ግራም ከተበጠበጠው ፈሳሽም 20 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። የፓምፑ ከፍተኛ አቅም በሰዓት 50 ሊትር ስለሆነ የምቱን (የፒስተኑን አንድ ጉዞ) ርዝመት የሚወስነውን መዘውር 40 በመቶ ላይ አቆምነው። በመሳቢያው (ፓምፑ ኬሚካሉን ከጋኑ በሚስብበት ቱቦ) በኩል ባለው ምልክት የተደረገበት የመለኪያ ቱቦ ስንፈትሸው በደቂቃ 333 ሚሊ ሊትር መጉደል ሲገባው የጎደለው 270 ብቻ ነበር። መዘውሩን ከፍ ላደርገው ስል የጥገና ክፍላችን አንጋፋ መካኒክ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። መጀመሪያ አየሩን አስወጪ» አሉኝ። ከዘይቱ ክፍል በላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ ስናደርጋት ዘይቱ ነጭ አረፋ ቀላቅሎ ወጣ፤ ፒስተኑ ጥቂት ደቂቃ ከተመላለሰ በኋላ አረፋው ጠፍቶ የጠራ ዘይት መጣ። እንደገና ስንለካ 331 አገኘን። በዘይቱ ውስጥ የቀረ አየር የፒስተኑን ግፊት ዲያፍራሙ ዘንድ ሳይደርስ ይበላዋል፤ ይህን ሳያውቅ መዘውሩን የሚያዞር ሰው ስሕተቱን በስሕተት እየሸፈነ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ከመሳቢያው ሲሆን ጥፋቱ የፓምፑ ሳይሆን የተከላው ነበር። የአሉሙን ጋን ወለሉ ሥር አስቀምጠን ነበርና ፓምፑ 2 ሜትር ያህል ሽቅብ መሳብ ነበረበት። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ፓምፕ የሚስበው ደግሞ በዚሁ የአየር ግፊት ረዳትነት ስለሆነ በካታሎግ ላይ የተጻፈው የመሳብ ከፍታ ለእኛ እንዳለ አይሠራም። በዚህ ላይ የእንዲህ ያለ ፓምፕ ፍሰት በምት በምት የሚሄድ በመሆኑ በአንድ ምት ውስጥ የሚደርስበት ጫፍ ከአማካዩ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፣ ቱቦውም ለአማካዩ ሳይሆን ለዚያ ጫፍ መብቃት አለበት። መሳቢያው ሲታነቅ በዘይቱ ክፍል ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና፣ በፒስተኑ ዙሪያ የሚያንጠባጥበውን ዘይት ለመተካት የተሠራው ቫልቭ ያለ ጊዜው ተከፍቶ ትርፍ ዘይት ያስገባል፤ ያ ትርፍ ዘይት ዲያፍራሙን ከልኩ በላይ ይወጥረዋል። ጋኑን ከፓምፑ በላይ አንስተን ቱቦውን በሰፊ ስንለውጠው ነገሩ በረደ።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ነው። አንድ ምሽት ተረኛው ማጣሪያ ሲያጥብ የመርጫውን መስመር ዘግቶ ሳይከፍተው ሄዶ ነበር። በጠዋት ስንደርስ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱም በውስጥ ቫልቩ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው እየተመለሰ አገኘነው፤ ቱቦ አልፈነዳም፣ ዲያፍራሙም አልተጎዳም። ይህ ቫልቭ ግን ፓምፑን እንጂ መስመሩን ለመጠበቅ የተተከለ አይደለምና በመስመሩ ላይ ሌላ ማስተንፈሻ አስገብተናል።

ሻጩን በተመለከተ ቅሬታ አለኝ። የዘይቱን ዓይነት ስንጠይቀው «ማንኛውም ዘይት ይሆናል» ብሎን ነበር፤ መመሪያው ግን የተወሰነ ውፍረት ያለው ዘይት ይጠይቃል፣ ወፍራም ዘይት በጠዋቱ ብርድ ፒስተኑን በፍጥነት እንደማይከተል በዓይናችን አይተናል። የቫልቭ ኳስና መቀመጫም በመለዋወጫ አልነበረውም። እነዚህ ደግሞ ከዲያፍራሙ ቀድመው የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፦ በደንብ ያልተበጠበጠ የአሉም ቅንጣት ኳሱ ሥር ከገባ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መጠኑም ያለ ምልክት ይጎድላል። ስለዚህ በየሰኞ ጠዋት በመለኪያው ቱቦ እንለካለን፣ በየወሩም ኳሶቹን አውጥተን እናጥባለን።

በዝቅተኛ ግፊት በሰዓት ሁለት ሦስት ሊትር ክሎሪን ለሚጨምር ሰው ይህ ፓምፕ አያስፈልገውም፣ ትንሹ ይበቃዋል። ከ5 ባር በላይ ባለው መስመር ቀን ከሌት ለሚሠራ ግን ገንዘቡን ቆጥቦ ባለሁለት ዲያፍራሙን እንዲገዛ እመክራለሁ። የእኛው በሁለቱ ዲያፍራሞች መካከል ትንሽ የግፊት መለኪያ አለው፤ አንዱ ቢቀደድ መርፌው ይነሣል፣ አሉሙም ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ካምቢዮውን ከመብላቱ በፊት እንደርስበታለን። ዛሬ ጠዋትም አይቼዋለሁ፤ መርፌው ዜሮ ላይ ነው።