ከሊድስ እስከ ዊንደርሚር፦ በሰሜን እንግሊዝ ገጠር የተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች ሲመዘኑ

ያደግኩት በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው፤ አሁን የምኖረው ግን በአሜሪካ ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ነሐሴ ከባለቤቴ ጋር እናቴን ለመጠየቅ ወደ ሊድስ በሄድን ጊዜ፣ እርሷን ይዘን ዮርክሻየር ዴልስና ሌክ ዲስትሪክት የተባሉትን ሁለት ብሔራዊ ፓርኮች በኪራይ መኪና ለማየት አጭር ጉዞ አሰናድተን ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ጉዞ ስለተጠቀምንባቸው የመኪና ኪራይ፣ የማረፊያ፣ የማቆሚያ፣ የጀልባና የምግብ አገልግሎቶች ያለኝን ግምገማ ነው። በተለይ አረጋዊ ወላጅ ይዘው ለሚጓዙና ጾም ለሚጾሙ ቤተሰቦች ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው የዚህን አገር ካርታ ሲያይ ሁሉም ነገር ቅርብ ስለሚመስለው በአንድ ቀን አምስት ስድስት ቦታ ለማዳረስ ያቅዳል። እውነትም ርቀቱ ትንሽ ነው፤ ከሊድስ ተነሥቶ በኤ65 መንገድ በስኪፕተን፣ በሴትል እና በኢንግልተን በኩል እስከ ኬንዳል ያለው 70 ማይል ገደማ ብቻ ነው። ዕቅድን የሚያበላሸው ርቀቱ ሳይሆን የአገልግሎት መስጫ ሰዓቱ ነው። የመኪና አከራዩ ቢሮ መቼ እንደሚዘጋ፣ የተከራዩት ቤት መቼ እንደሚከፈት፣ የገጠር ወጥ ቤት መቼ እሳቱን እንደሚያጠፋ አስቀድሞ ያላወቀ መንገደኛ፣ መንገዱ ባዶ ቢሆንለት እንኳ ቀኑን በመጠበቅ ይፈጀዋል። ስለዚህ እኛ መጀመሪያ ሰዓቶቹን በወረቀት ላይ አስፍረን የምናያቸውን ቦታዎች በመካከላቸው አስገባን። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ስለ ሰነድ ብዙ የሚባል የለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሳምንታት አንሥቶ ከመነሣቱ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በውጭ አገር የተሰጠ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ያለው ጎብኚ እስከ 12 ወር ድረስ የቤት መኪና መንዳት ይችላል። ይሁን እንጂ አከራዮች ከሕጉ በላይ የራሳቸው መስፈርት ስለሚኖራቸው የውሉን ዝርዝር ከመክፈል በፊት ማንበብ ይገባል፤ በተለይም ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች የሆነ አሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚጠየቅ ማወቅ ጥሩ ነው።

መኪናውን የተከራየነው በከተማው ውስጥ ካለ ቅርንጫፍ ነው። የከተማ ቅርንጫፎች ከአውሮፕላን ማረፊያዎቹ ርካሽ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ዘግተው እሑድን የማይከፍቱ አሉና ሰኞ ጠዋት ለመመለስ የሚገደድ ተከራይ የአንድ ቀን ኪራይ ይጨመርበታል። አውቶማቲክ መኪና የሚፈልግም በስም ጠቅሶ ቀደም ብሎ ማዘዝ አለበት፤ በዚያ አገር ማኑዋል መኪና አሁንም ብዙ ነው። በስተቀኝ ተቀምጦ፣ በግራ እጅ ማርሽ እየቀየሩ፣ ፍሪሲዮን እየረገጡ በጠባብ ዳገት ላይ መንዳትን በዕረፍት ጊዜ መለማመድ ለማንም አልመክርም።

እኛ ያዘዝነው ትንሽ አውቶማቲክ መኪና ነበር። በቀጠሮው ሰዓት ስንደርስ አስተናጋጁ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደረጃው ከፍ ያለ ትልቅ መኪና እንደተመደበልን በደስታ አበሠረን። በቨርጂኒያ አውራ ጎዳና ይህ ስጦታ ነው፤ የምንሄድበት አገር መንገድ ግን በሁለቱም ወገን በድንጋይ ካብ የታጠረ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ስንዝር ስፋት ለስፖኪዮውም ለነጂውም ልብ ጭንቅ ነው። ስጦታውን በትሕትና መለስን፤ ትንሿ መኪና ታጥባ እስክትመጣ ረጅም ሰዓት ጠበቅን፤ ይቅርታ የጠየቀን ግን አልነበረም። በዚህ ረገድ የኩባንያውን አገልግሎት ከአማካይ በታች አድርጌ እመዝነዋለሁ። መኪናዋ ራሷ ንጹሕና ጤነኛ ነበረች።

የመድኑ ጉዳይ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በኪራዩ ዋጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መሠረታዊ መድን ይካተታል፤ ሆኖም ጉዳት ቢደርስ ተከራዩ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው፤ ያንኑ ያህል ገንዘብም በአሽከርካሪው ስም ባለ ክሬዲት ካርድ ላይ ሊያዝ ይችላል። አስተናጋጁ ይህን ድርሻ የሚያስቀር መድን በቀን ሒሳብ እንድንገዛ አጥብቆ ወተወተን። እኛ ከሌላ የመድን ድርጅት በኢንተርኔት በጣም ባነሰ ዋጋ ቀድመን ገዝተን ስለነበር እምቢ አልን። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ ከውጭ የተገዛው መድን አከራዩን አያስቆመውም፤ አከራዩ መጀመሪያ ከካርድዎ ይቆርጣል፣ እርስዎም ደረሰኙን አቅርበው ከመድን ድርጅቱ ያስመልሳሉ። ስለዚህ በካርዱ ላይ በቂ ገንዘብ የሌለው ሰው ርካሹን መንገድ መምረጡ ላያዋጣው ይችላል። ጎማ፣ ቸርኬና መስተዋት በመድኑ መሸፈናቸውን ደግሞ በግልጽ መጠየቅ ያሻል፤ በገጠር መንገድ ቶሎ የሚጎዱት እነርሱ ናቸውና።

ለማረፊያ የመረጥነው ከርክቢ ሎንስዴል የተባለችውን ትንሽ ከተማ ነው። በዚህ ምርጫ እስካሁን እደሰታለሁ፤ ከተማዋ በሁለቱ ብሔራዊ ፓርኮች መካከል ስላለች ጠዋት አየሩን አይቶ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ወገን ከአንድ ሰዓት መንገድ በታች ነው። ብዙ ሰው ግማሹን ዕረፍት በዴልስ፣ ግማሹን በሌክ ዲስትሪክት ለማደር ያስይዛል። ጊዜው አጭር ከሆነ ግን ይህ ሻንጣ ማሰርና መፍታት ብቻ ይሆናል፤ የሚከራዩት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት አያስገቡም፣ በመውጫው ቀን ደግሞ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት መልቀቅ ያስፈልጋል፤ በመካከሉ ያለው ሰዓት በመኪና ውስጥ ያልፋል። አጭር ኪራይ የሚፈቅዱ አከራዮችም ብዙዎቹ ከዓርብ እስከ ሰኞ ወይም ከሰኞ እስከ ዓርብ እንጂ እንደፈለጉ ቀን አያከራዩም።

ቤቱ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው፤ ቁልፉ በር ላይ ባለ ባለ ቁጥር ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ንጽሕናው እንከን የለውም፤ ወጥ ቤቱም የተሟላ ነበር። ቅሬታዬ በማስታወቂያው ላይ ነው። ሁሉም መኝታ ክፍሎች ፎቅ ላይ መሆናቸው ተጽፏል፤ ደረጃው ግን እንደ መሰላል ቀጥ ያለና መደገፊያው በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ አልተገለጸም። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መውጣትን መረጠች። ስለዚህ ወላጅ ይዞ የሚሄድ ሰው የደረጃውን ፎቶግራፍ ከማስያዙ በፊት ይጠይቅ፤ ባለቤቶቹ ለጥያቄ ፈጣን መልስ ይሰጣሉ።

ስለ መንገዱ፦ በግራ መንዳት ቶሎ ይለመዳል፤ አደባባይ ላይ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል። ይበልጥ የሚያሳስተው በነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ያለው ምልክት ነው። ይህ ምልክት መካከሉ በአጥር ወይም በደሴት ባልተከፈለ መንገድ ላይ በሰዓት እስከ 60 ማይል መፍቀዱ ነው፤ ግን አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ፣ ኩርባው በማይታይ፣ በግ በሚተኛበት የገጠር መንገድ ላይም ተተክሎ ይገኛል። በዚያ መንገድ ላይ ግማሹን ፍጥነት የሚነዳ እንኳ ፈጣን ነው። ሁለት መኪና ሲገናኝ ለማሳለፊያ ሰፋ ወዳለው ቦታ የቀረበው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያለፈው እጁን አንሥቶ ያመሰግናል። አገሬው ይህን ሥርዓት በትዕግሥት ይጠብቃል። በሌክ ዲስትሪክት ያለውን ሃርድኖት የተባለውን የተራራ መተላለፊያ ግን ተውነው። ቁልቁለቱ በአንዳንድ ቦታ ሦስት ሜትር ሲሄዱ አንድ ሜትር እስከሚያወርድ የሚደርስ ሲሆን፣ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ቢንቀው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሊማሊሞ ላይ ቢያንስ ሁለት መኪና ይተላለፋል። ይልቅ ከኢንግልተን በዴልስ ውስጥ ወዳለችው ሆውስ ከተማ የሚወስደው መንገድ ሰፊና ለሁሉም የሚመች ነው፤ 24 ቅስቶች ያሉትን የሪብልሄድ የባቡር ድልድይም ከመኪና ሳይወጡ ያሳያል። እናቴ ከጉዞው ሁሉ የወደደችው ይህን ነው።

የመኪና ማቆሚያ አገልግሎቱን በሁለት ከፍዬ አየዋለሁ። በሆውስ፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ካለው ሙዚየም አጠገብ የሚገኘው የብሔራዊ ፓርኩ ማቆሚያ ሰፊ፣ ምልክቱ ግልጽ፣ መጸዳጃውም ቅርብ ነው። በሌክ ዲስትሪክት ግን በነሐሴ ወር ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ በታወቁት መንደሮች ቦታ ማግኘት ዕድል ነው፤ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በዚያ ወር ዝግ ናቸውና። በስልክ ይከፈል የሚባልባቸው ማቆሚያዎች የስልክ ኔትዎርክ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ መሆናቸው ያስቃል፤ ሳንቲም መያዝ ይህን ያቃልላል። በአንዳንድ መንደሮች ጎዳና ላይ የደረሱበትን ሰዓት የሚያሳይ ካርቶን መስተዋቱ ሥር አስቀምጦ ለተወሰነ ጊዜ በነጻ ማቆም ይቻላል፤ ካርቶኑን ሱቆች በነጻ ይሰጣሉ። የአካል ጉዳተኞች መታወቂያ የሆነው ብሉ ባጅ የተሰጠው ለሰውየው እንጂ ለመኪናው ስላልሆነ እናቴ የራሷን ይዛ በኪራይ መኪናው ተጠቀመችበት፤ ሆኖም በአንዳንድ ማቆሚያዎች ባለ ባጅም ስለሚከፍል ሰሌዳውን ማንበብ ግድ ነው።

ዊንደርሚር በእንግሊዝ ከሚገኙት የተፈጥሮ ሐይቆች ትልቁ ነው። በሐይቁ ዳር ካለችው ቦውነስ ከተማ በታች በብረት ገመድ እየተሳበች መኪና የምታሻግር ጀልባ አለች፤ ማቋረጡ የደቂቃዎች ጉዳይ ሲሆን በማዶው ያለው መንገድ ከዋናው ጎዳና ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። በበጋቸው ወራት ሰልፉ ከመሻገሪያው ጊዜ እጅግ ይረዝማል፤ ኃይለኛ ነፋስ ካለም ትቆማለች። በጠዋት ሄደን ያለ ብዙ ጥበቃ ተሻገርን፤ ሠራተኞቹም እናቴ ከመኪናው ወርዳ ሐይቁን እንድታይ በአክብሮት ረዷት። ከሁሉም አገልግሎት ያለ ቅሬታ የማመሰግነው ይህንን ነው።

ምግብን በተመለከተ፣ ጉዟችን የዋለው በፍልሰታ ጾም ስለነበረ ነገሩ ጥንቃቄ አስፈልጎታል። የእንግሊዝ ገጠር ፐቦች፣ ማለትም መጠጥና ምግብ የሚሸጡ ቤቶች፣ ዛሬ በምግብ ዝርዝራቸው ላይ ቪጋን (ከእንስሳት የተገኘ ምንም የሌለበት) የሚል ምልክት ያደርጋሉ፤ ይህም ለጾመኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ቬጀቴሪያን (ሥጋ የሌለበት) የሚለው ግን አይበቃም፤ አይብ፣ እንቁላልና ቅቤ ሊኖርበት ይችላል። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስተው የድንች ጥብስ ነው። ዮርክሻየር ውስጥ ዓሣና ድንች የሚጠብሱ ብዙ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ በበሬ ሞራ ነው የሚጠብሱት፤ በዚህም ይኮራሉ። ስለዚህ ጾመኛ ድንች ብቻ ነው ብሎ ከመግዛቱ በፊት በምን እንደተጠበሰ ይጠይቅ፤ ሻጮቹ በጥያቄው አይከፉም፣ እንዲያውም የአትክልት ዘይት የሚጠቀመውን ጎረቤታቸውን ይጠቁማሉ።

ሁለተኛው ችግር ሰዓቱ ነው። እናቴ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፤ የገጠር ፐብ ወጥ ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቶ እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ አይከፈትም። ጾመኛው በሚፈታበት ሰዓት ላይ አገሩ ሁሉ ምድጃውን አጥፍቶ ሻይና ኬክ ያቀርባል፤ ኬኩም የቅቤ ነው። መፍትሔያችን ከሊድስ ይዘነው የመጣነው እንጀራና ሽሮ ነበር፤ ምሳችንን በተከራየነው ቤት ወይም በሐይቅ ዳር ወንበር ላይ በላን። ቡዝስ (Booths) የተባለው የሰሜኖቹ የምግብ መደብር በከርክቢ ሎንስዴል ቅርንጫፍ ስላለው አትክልትና ዳቦ ለማሟላት አልተቸገርንም። ማታ ፐብ ለመብላት ለሚፈልግ ደግሞ የመጨረሻው ትእዛዝ 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ላይ መሆኑን አስታውሶ ጠረጴዛ በስልክ ማስያዝ ይበጃል። ሆውስ ያለውን የዌንስሊዴል አይብ መሥሪያ ቤትም ጎበኘን፤ እናቴ የቀረበላትን ቅምሻ በፈገግታ ለባለቤቴ አሳለፈችለት፤ እርሱ ጾሙን እንዴት እንደሚጾም እዚህ ላይ አልጽፍም።

ዝናብን በተመለከተ፣ በሌክ ዲስትሪክት ያለችው ሲትዌይት በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ስለዚህ በነሐሴም ቢሆን የዝናብ ልብስ አይቀርም። ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ መንገድ ለማግኘት የብሪታንያ የካርታ ሥራ ድርጅት የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ የወረቀት ካርታ ይበቃል፤ ባለ 1:50,000 መጠኑ ለነጂ ይመቻል። ቤንዚን ከዋናው አውራ ጎዳና ላይ ይልቅ በከተሞቹ ይረክሳል፤ መኪናው በሙሉ ነዳጅ ስለሚመለስ የመጨረሻውን ማደያና የመዝጊያ ሰዓቱን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

መኪናውን ስንመልስ ተቀባዩ በቸርኬው ላይ ጭረት አለ አለ። በተረከብንበት ቀን ዙሪያውን በቪዲዮ ቀርጸን ስለነበር ጭረቱ ቀድሞም እንደነበረ አሳየነው፤ አከራዩም ጥያቄውን ተወ። የተያዘው ገንዘብ ወደ ካርዳችን የተመለሰው እኛ ቨርጂኒያ ከገባን በኋላ ነው። በፍጥነት ካሜራ የተመዘገበ ጥፋት ካለ ማስታወቂያው መጀመሪያ ለአከራዩ ስለሚደርስ፣ አከራዩ ከቅጣቱ በተጨማሪ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ከካርዱ ሊቆርጥ ይችላል፤ በመሆኑም የክሬዲት ካርዱን መግለጫ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት መመልከት ያስፈልጋል።