የማታ እንግሊዝኛ ቱሉ ዲምቱ፦ 1,500 ብሬና አንዲት ቃል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ሞባይል እጠግናለሁ። አይፎን ላይ አፕ ለመጫን የሚነካው ቁልፍ «ጌት» ይላል። ሺ ጊዜ ነክቼዋለሁ። አንድ ቀን ሱቅ የመጣችው ልጄ «አባዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «አግኝ» አልኳት። «ታዲያ መጽሐፌ ላይ ጌት አፕ ሲል ወደ ላይ አግኝ ነው?» ዝም አልኩ። በነጋታው ሄጄ ተመዘገብኩ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ የምወቅሰው ስላለኝ። ክፍያው በወር 1,500 ብር ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ፣ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 2 ሰዓት። ስመዘገብ በክፍል 20 ሰው ነው ተባልኩ፤ ገብቼ ስቆጥር 34 ነን። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሰው። ሃንድአውቱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ከገጽ 6 በኋላ በግምት ነው የሚነበበው። መብራት ሲሄድ ጄነሬተር የለም። የስልክ መብራት የምይዘው ሁሌ እኔ ነኝ፣ በሙያዬ መሰለኝ።

አስተማሪው ግን ሌላ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ በፊደላችን «ጌታ» ብለው ጻፉ። ከኋላ አንዱ «አሜን!» አለ። በሳቅ ሞትን። ጋሼ ፈገግም አላሉ። «የእናንተ አይደለም። የቫይኪንጎች ነው» አሉ።

ቫይኪንጎች ከስካንዲኔቪያ በመርከብ የሚመጡ ዘራፊዎች ነበሩ፤ በ793 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሊንዲስፋርን ደሴት ላይ ያለውን ገዳም ዘረፉ። ኋላ ግን ዘርፎ መመለሱን ትተው ሰሜንና ምሥራቁ ላይ ሰፈሩ፣ አረሱ፣ ተጋቡ። በቋንቋቸው ማግኘት «ጌታ» ነው። ከእኛው ጌታ ጋር ዝምድና የለውም፣ ድምፁ ገጥሞ ነው። በ1200 ገደማ ቃሉ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ታየ። እንግሊዞቹም የራሳቸው ዘመድ ቃል ነበራቸው፤ ግን ሌላ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ጥገኛ ነገር ነው። አንዱ ዛሬም አለ፦ ፎርጌት። ከሥሩ ሲፈታ የያዙትን መልቀቅ ነው። መርሳት ማለት ከእጅ ማምለጥ! ብሎን ነቅዬ የት እንዳስቀመጥኩ ለሚጠፋኝ ለእኔ፣ ይቺ ወዲያው ገባችኝ።

«ገባኝ» ካልኩ አይቀር፣ ምርጡ ምሽት እሱ ነበር። ጋሼ በአማርኛ አስብለውን ወደ እንግሊዝኛ ያሻግሩናል። እኛን ጉንፋን ይይዘናል፤ እንግሊዝ ራሱ ሄዶ ጉንፋኑን ያገኘዋል። ለእኛ ነገር ይገባናል፤ እነሱ እሱንም ያገኙታል። እኛ «መሸ» ብለን እንገላገላለን፤ እነሱ እዚያም ጌት አለቻቸው። ቃሏ ከማግኘት ወደ መድረስ፣ ከመድረስ ወደ መሆን ሄዳለች አሉን። የልጄ ጌት አፕም ተፈታ፦ ላይ መድረስ ነው፣ ከአልጋ። ድሮ ታክሲ ላይ ረዳት የነበረ ልጅ ታዲያ ተነስቶ «ጌት ኦፍ አለ!» ብሎ ጮኸ። ያን ዕለት ጋሼም ሳቁ።

ሃንድአውቱ «ጎተን» (ጌት በኃላፊ ጊዜ ስትሆን) ስህተት ነው ይላል። አንዷ «አሜሪካ ያለችው እህቴ እንደዛ ነው የምትለው» ብላ ተከራከረች። ጋሼ ፈረዱላት፦ የድሮ አባባል ነው፣ አሜሪካኖች ያዙት፣ እንግሊዞች ተዉት። ከዚያ ሃንድአውቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

እሳቸው በማይኖሩበት ቀን የሚተካቸው ወጣት ግን ያችኑ ወረቀት አንብቦልን ያሰናብተናል። ለዛ ቀን 1,500 ብር ያንገበግባል። ለኢንተርቪው ቶሎ መናገር አለብኝ የሚል ሰውም አይሂድ፤ በ34 ሰው መሃል የመናገር ተራ አይደርስም። የሚሄድ ካለ የጋሼ ክፍል መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ልጄ አሁን ደግሞ «ቴክ» ምንድነው እያለች ነው። እሱም የቫይኪንጎች ነው አሉ። የሁለተኛውን ወር ከፍያለሁ።