አናናስ ቅርፅ ያለው በእጅ የተሰራ ዩኩሌሌ፣ ድሬ ላይ 10 ወር ከተጫወትኩበት በኋላ

እህቴ ከውጪ ስትመጣ ያመጣችልኝ ዩኩሌሌ (አራት ክር ያለው ትንሽ ጊታር መሳይ ነገር) ይሄው 10 ወር ሞላው። ሶፕራኖ የሚባለው ትንሹ መጠን ነው፣ አንድ ሰው በእጁ የሰራው፣ ወገብ የለውም እንደ አናናስ ሞላ ያለ ነው። ይሄ ቅርፅ የታወቀው ሳሙኤል ካማካ ሆኖሉሉ ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ1920ዎቹ ሲሰራው ነው። እኔ ከዛ በፊት የነበረኝ የፋብሪካ ሶፕራኖ ነው፣ ኮምፔርሳቶ። ሁለቱም ክራቸው 35 ሴንቲ አካባቢ ስለሆነ አንድ አይነት ክር ገዝቼ ሁለቱም ላይ አስሬ ነው ያወዳደርኩት፣ ልዩነቱ አቦ አይገናኝም።

በስልክ መብራት አሮጌውን ውስጡን ሳየው ፊቱ ስር ወፋፍራም እንጨት በአግድም ተለጥፎበታል። አዲሱ ግን ከቀዳዳው በታች ሶስት ቀጫጭን ብሬስ (ፊቱን ከውስጥ የሚደግፍ የእንጨት ዘንግ) ብቻ ነው ያለው፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ፣ ጫፋቸው ተልጎ ተልጎ ያለቀ። ክራር የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ ክራር ላይ የሚጮኸው የተወጠረው ቆዳ ነው አይደል፣ እዚህ ደሞ ፊቱ ላይ ያለው ስስ እንጨት ነው። ብሬሱ ክሩ ሲስበው እንዳይሰምጥ ይደግፈዋል፣ ሲበዛ ግን መንቀጥቀጥ ይከለክለዋል። ዋናው ነገር ቁመቱ ነው፦ 6 ሚሊ የነበረውን ብሬስ 5 ሚሊ ብታደርገው ጥንካሬው 40 ከመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ስፋቱን በዛው ልክ ብትቀንስ ግን 17 ከመቶ አካባቢ ብቻ። በመላጊያ አንዴ ሁለቴ መላግ ድምፁን የሚቀይረው ለዚህ ነው።

ወገብ ስለሌለው ደሞ ውስጡ ብዙ አየር ይይዛል፣ ሲ (C) ክሩ ላይ ያለው ሞቅ ያለ ወፍራም ድምፅ ከዛ ነው የመጣው፣ አሮጌው ላይ ሲ ስትመታ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ክሮቹ ሳይነኩ ጂ ሲ ኢ ኤ ስለሆኑ ከሲ የተነሳ ትዝታ ሜጀር ከአምስቱ ድምፆች አራቱ ባዶ ክር ላይ አሉ፣ ዲ ብቻ ነው የምትነካው፣ እና ፊቱ ቀሎ ስለተሰራ ያልመታኸው ክር ራሱ አብሮ ያንጎራጉራል። ማታ በረንዳ ላይ ስጫወት ጎረቤት ክራር ገዛህ እንዴ ብሎኛል።

የማልወድለት አለ። ድምፁ ፈጥኖ ይወጣል ፈጥኖም ይጠፋል፣ ቀስ ያለ ዘፈን ላይ ኖታው እጅህ ላይ ያልቅብሃል። ወገብ የሌለው ነገር ደሞ ጭን ላይ አይቀመጥም፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ጓደኛዬ ቤት መደቡ ላይ ተቀምጬ ሁለቴ አንሸራቶኝ ልጥለው ነበር፣ ማንገቻ የግድ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የድሬ ደረቅ ሙቀት ነው። ግንቦት ላይ ፊቱ ትንሽ ሰመጠ፣ ክሩ ወርዶ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ በአግድም ያሉትን ቀጫጭን ብረቶች) መንካት ጀመረ፣ ቀጥሎ አንድ ኖታ ላይ ዝዝ የሚል ነገር መጣ። ፍሬት መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ለፋሁ፣ በኋላ ጀርባውን በጣት እያንኳኳሁ ስሄድ አንድ ቦታ ላይ ተንቀጫቀጨ፣ የጀርባው ብሬስ ጫፉ ለቋል። የሶፕራኖ ቀዳዳ የኔን እጅ አያስገባም፣ የእህቴ ልጅ በትንሽ እጁ የእንጨት ኮላ ቀብቶልኝ በቀጭን ዱላ ከውስጥ ወጥረን አሳደርነው፣ እስካሁን ይዟል።

አሁን ቦርሳው ውስጥ በተበሳ የሳሙና እቃ እርጥብ ስፖንጅ አስቀምጣለሁ፣ በሁለት ቀን አንዴ አርሰዋለሁ፣ እርጥበቱን ከ45 እስከ 55 ከመቶ ለመያዝ ነው። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ፊቱ ወደ ቦታው ተመልሷል።