ቡገንቪላ ወይስ ሂቢስከስ፦ ለአዲስ አበባ ግቢ የትኛው ይሻላል?

ሁለቱም የሞቃት አገር ተክሎች ናቸው፤ ቀን ላይ ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ። የመሃል አዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን እኩል አይከብዳቸውም።

ውሃ፦ ሂቢስከስ በበጋ በሳምንት ሁለት ሦስቴ መጠጣት አለበት፤ ከተጠማ እምቡጡ ሳይፈነዳ ይረግፋል። ቡገንቪላ ተቃራኒው ነው። ሥር ከሰደደ በኋላ የአፈሩ ላይኛው ክፍል እስኪደርቅ ጠብቁ። ውሃና ፍግ ከበዛበት ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ብዙ ሰው «አላብብ አለኝ» የሚለው ለዚህ ነው፣ እባካችሁ ቀንሱለት። በክረምት ደግሞ ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ሲሶውን አሸዋ አድርጉት።

ብርድ፦ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ሂቢስከስ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ አበባውም ይቀንሳል። ፀሐይ ያሞቀው ግድግዳ ሥር አስጠጉት። ቡገንቪላ የተሻለ ይችላል።

ተባይ፦ የሂቢስከስን ለጋ ጫፍ ክሽክሽ ይወረዋል። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ካለ በሳሙና ውሃ እጠቡት። የቡገንቪላ ችግር እሾሁ ነው፤ ሲገረዝ ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ረጅም አጥር ላለው፦ ቡገንቪላ። ልጆች ለሚሯሯጡበት ጠባብ ግቢ ወይም ፀሐይ ለሚያገኝ በረንዳ፣ አዘውትሮ ጎብኝቶ ለሚያጠጣ፦ ሂቢስከስ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት መትከያ።