ሲጋራ ለማቆም የትኛው ይሻላል? ፓች፣ ማስቲካ፣ ኪኒን ወይስ እንዲሁ ቆርጦ መተው

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ጠዋት ከነቁ በስንት ደቂቃ ውስጥ ነው የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚለኩሱት? በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን (ሱስ የሚያስይዘው የሲጋራ ንጥረ ነገር) በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ አጫሽ የሚነቃው ኒኮቲን ጎድሎበት ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨሱ ከሆነ ሱሱ ጠንካራ ነው፤ ቀላሉ አማራጭ አይበቃዎትም።

ያለ መድኃኒት መተው

ወጪ የለውም፤ ብዙ ሰው የሚሞክረውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ያለ ምንም እርዳታ ከሚሞክሩ 100 ሰዎች ከግማሽ ዓመት በላይ ሳያጨሱ የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 ብቻ ናቸው። ንዴቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻሉ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሲሆን፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ግን ቀን ቆርጦ በአንዴ ማቆም ቀስ በቀስ ከመቀነስ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከ4 ሳምንት በኋላ በአንዴ ካቆሙት 49 በመቶ፣ እየቀነሱ ከሄዱት 39 በመቶ ሳያጨሱ ተገኝተዋል።

ፓች እና ማስቲካ

ሁለቱም ኒኮቲን ይሰጣሉ፤ የሚለያዩት በፍጥነት ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓች ኒኮቲኑን ቀኑን ሙሉ ዝግ ብሎ ያንጠባጥባል፤ ድንገት የሚመጣን አምሮት ግን አይደርስበትም። ማስቲካ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል፤ ውጤቱ ግን ቶሎ ያልፋል።

የ24 ሰዓቱ ፓች በ21፣ በ14 እና በ7 ሚሊ ግራም ይመጣል። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ ሰው በ21 ጀምሮ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ 2 ሳምንት በ14፣ 2 ሳምንት በ7 ይጨርሳል። 10 እና ከዚያ በታች ከሆነ በ14 ይጀመራል። ጠዋት ንጹሕ፣ ደረቅና ፀጉር የሌለበት ቆዳ ላይ፣ ለምሳሌ በክንድ ላይኛው ክፍል ወይም በደረት ላይ፣ ለ10 ሰከንድ ተጭነው ይለጥፉት፤ እጅዎንም ይታጠቡ። ቆዳው እንዳይቆጣ ቦታውን በየቀኑ ይቀይሩ። ቅዠት ካስቸገረዎት ማታ ሊያነሱት ይችላሉ፤ በምትኩ የጠዋቱ አምሮት ሊበረታ ስለሚችል እንደነቁ ማስቲካ ያዘጋጁ። የተነሣው ፓች ኒኮቲን ይቀርበታልና አጥፈው ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ይጣሉት።

ማስቲካው የ2 እና የ4 ሚሊ ግራም ነው፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚለኩስ ሰው የሚስማማው 4ቱ ነው። “አልሠራልኝም” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ማስቲካ ያኘከው ነው። በፍጥነት ሲታኘክ ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ይዋጣል፤ ትርፉም ስቅታ፣ ቃርና ማቅለሽለሽ ይሆናል። የሚጠቅመው በአፍ ውስጠኛ ቆዳ ሲገባ ነው። ስለዚህ መቆንጠጥ እስኪጀምር ቀስ ብለው ያኝኩ፣ በጉንጭና በድድ መካከል ያስቀምጡት፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ያኝኩ፤ እንዲህ እያሉ ለ30 ደቂቃ። ከ15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ቡና፣ ለስላሳ ወይም ጭማቂ አይጠጡ፤ አሲዱ ኒኮቲኑ እንዳይገባ ያደርጋል። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ አንድ ይወሰዳል፤ የቀኑ ጣሪያ 24 ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው ኒኮቲን ያለበትን የሚመጠጥ እንክብል ይምረጥ።

ሱሱ ለጠነከረበት ሰው የእኛ ምክር ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ነው፤ ፓቹ መሠረቱን ይይዛል፣ ማስቲካው ለድንገተኛው አምሮት ይደርሳል። ከአንዱ ብቻ ይልቅ የሁለቱ ጥምረት የበለጠ ውጤታማ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ብዙዎች “ሌላ ሱስ ልገባ ነው” ብለው መጠኑን ያሳንሳሉ፤ በዚህም ምክንያት ያቋርጣሉ። አጫሽን ለካንሰርና ለልብ በሽታ የሚዳርገው በዋናነት ጭሱ ነው፤ ፓች ደግሞ ጭስ የለውም።

ሐኪም የሚያዛቸው ኪኒኖች

ቫሬኒክሊን ከነጠላ መድኃኒቶች ጠንካራው ነው። ኒኮቲን በአንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ይይዛል፤ አምሮቱን ይቀንሳል፣ ቢያጨሱም ሲጋራው እንደ ቀድሞው እንዳያረካ ያደርጋል። ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል፦ ለ3 ቀን 0.5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ4 ቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ8ኛው ቀን ጀምሮ 1 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 12 ሳምንት። ማቅለሽለሽ ዋናው ችግሩ ነው፤ ከምግብ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ሲወሰድ ይቀላል። አእምሮን ያውካል የሚለው ስጋት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ8,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት አልተረጋገጠም። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ግን መጠኑ ይቀነስለታል።

ቡፕሮፒዮን ክብደት መጨመርን ለሚፈራና ድብርት ላለበት ሰው ይመረጣል። ለ3 ቀን 150 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቢያንስ በ8 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው ኪኒን ወደ ማታ ከዘገየ እንቅልፍ ይነሳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም በአመጋገብ መታወክ የታመመ ሰው ፈጽሞ አይወስደውም።

ሲቲሲን ከእነዚህ አጭሩ ነው፤ ሕክምናው በተለመደው አወሳሰድ 25 ቀን ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት 1.5 ሚሊ ግራም በየ2 ሰዓቱ፣ በቀን 6 ኪኒን ይወሰዳል፤ ከዚያ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲጋራው እስከ 5ኛው ቀን መቆም አለበት። ሰዓት ጠብቆ መዋጥ የማይሆንለት ሰው ቫሬኒክሊን ይሻለዋል። እርጉዝ ሴት ከሦስቱ አንዱንም ያለ ሐኪም አትጀምር።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ

ኒኮቲን ያለበት ቬፕ አንዳንዶችን ከሲጋራ እንዳላቀቀ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ የሚመክረው የኒኮቲን መተኪያን (እንደ ፓችና ማስቲካ ያሉትን)፣ ቫሬኒክሊንን፣ ቡፕሮፒዮንንና ሲቲሲንን እንጂ ቬፕን አይደለም። የእጅና የአፍ ልማዱም እንዳለ ይቀጥላል፤ ብዙ ሰውም ሁለቱን ጎን ለጎን ያጨሳል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫ አናደርገውም።

ከየትኛውም ጋር የሚሄድ

የባለሙያ ምክር፣ በስልክም ቢሆን፣ የሁሉንም ውጤት ከፍ ያደርጋል። በመሀል አንድ ሲጋራ ቢያጨሱ ፓቹን አይንቀሉ፣ ኪኒኑንም አያቁሙ፤ በዚያው ይቀጥሉ።

የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ሲያቆሙ ያው የለመዱት ቡና በደም ውስጥ ይበረታል። መርበትበቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከሲጋራው ሳይሆን ከዚህ ሊሆን ስለሚችል ቡናውን በግማሽ ይቀንሱ። ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን (የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች) ወይም ቲዮፊሊን (የአስም መድኃኒት) የሚወስድ ሰውም መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል፣ የማቆሚያውን ቀን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።