ለባዮሎጂ መምህርታችን ምስጋና፣ ለኮዬ ፈጬ ወላጆችም ጥቆማ

ውድ የኮዬ ፈጬና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ በተለይም ልጆቻችሁ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እየተዘጋጁ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው በሰፈራችን የባዮሎጂ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡ አንዲት መምህርትን በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ ሊያገኛቸው ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር አገናኛለሁ።

መምህርቷ ተማሪዎችን የሚያስከልሱት በሳይንስ ዜና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በብሎካችን ኮሚናል ውስጥ ይሰበስቧቸውና ራሳቸው መርጠው ያተሙትን አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያድላሉ። ተማሪዎቹ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ገልብጠው ፍሬ ሐሳቡን በአማርኛ ይናገራሉ፤ ከዚያም ዜናው የቆመበትን ጽንሰ ሐሳብ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ፈልገው ያወጣሉ፤ በመጨረሻም አራት አማራጭ ያለው ጥያቄ ራሳቸው ያዘጋጃሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም መምህርቷ ትክክለኛው መልስ ስለተገኘ ብቻ አያልፏቸውም፣ ሦስቱን የተሳሳቱ አማራጮች አንድ ተማሪ በምን ዓይነት የተዛባ ግንዛቤ ሊመርጣቸው እንደሚችል አንድ በአንድ እንዲያስረዱ ይጠይቋቸዋል።

ልጄ ቤት መጥታ በሰፊው ካስረዳችኝ አንዱን ልንገራችሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ብሪታንያና አሜሪካ ተከታትለው፣ ክሪስፐር በተባለው የዘረመል መቁረጫ ዘዴ የተዘጋጀውን የመጀመሪያ ሕክምና ሲክል ሴል ለተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ፈቀዱ። ይህን ዘዴ ያበለጸጉት ኢማኑኤል ሻርፐንቲየርና ጄኒፈር ዳውድና በ2020 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሕመሙ የሚመጣው በዲኤንኤ ላይ አንድ ፊደል ተለውጦ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ሂሞግሎቢን በተባለው ፕሮቲን ውስጥ ግሉታሚክ አሲድ በነበረበት ቦታ ቫሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲገባ ስለሆነ፣ ዜናውን ያነበቡት ተማሪዎች ሁሉ ሕክምናው ያንኑ የተለወጠ ፊደል የሚያርም መሰላቸው። መምህርቷ ወደ ጽሑፉ እንዲመለሱና ምን እንደተቆረጠ በጣታቸው እንዲያሳዩ አደረጉ። ሕክምናው የተለወጠውን ፊደል አይነካውም። ከታማሚው መቅኒ የሚመጡ የደም ግንድ ህዋሳት (የደም ህዋሳትን የሚያመነጩት) ተወስደው፣ የጽንስ ሂሞግሎቢን፣ ማለትም ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ ሳለ የሚያመርተው፣ ከልደት በኋላ እንዲቆም የሚያደርገው ቢሲኤል11ኤ የተባለው ዘረመል መቆጣጠሪያ ክፍል ይቆረጥና ህዋሳቱ ወደ ታማሚው ይመለሳሉ፤ በዚህም ምክንያት ሰውነት የጽንሱን ሂሞግሎቢን እንደገና ማምረት ይጀምራል፣ ቀይ የደም ህዋሳቱም ማጭድ ወደሚመስለው ቅርጽ ከመታጠፍ ይድናሉ።

ወዲያው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አስከተሉ፦ ይህን ሕክምና አግኝቶ የዳነ ሰው ልጅ ቢወልድ፣ ልጁ የሕመሙን ዘረመል ይወርሳል ወይስ አይወርስም? ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። የተለወጡት የደም ግንድ ህዋሳት እንጂ የዘር ህዋሳት ስላልሆኑ ውርሱ እንደነበረው ይቀጥላል። በአንድ ወረቀት ሚውቴሽን፣ የፕሮቲን ግንባታ፣ የዘረመል ቁጥጥርና የባሕርይ ውርስ ተከለሱ፤ ልጄም ይህን ስታስረዳኝ መጽሐፍ አልገለጠችም።

የወባው ዜና ደግሞ ለእኛ ሰፈር ቅርብ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ውስጥ ሲሆን፣ በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። ከረግረግ ይልቅ ሰው በሚያጠራቅመው ውኃ ውስጥ መራባት ስለሚመቻት ከተማ ውስጥ ትኖራለች። እንደ እኛ ውኃ በተራ የሚደርሰው ሰው ደግሞ በየደጁ ሮቶና በርሜል አለው። ተማሪዎቹ ታዲያ አዲስ አበባ ለምን ከወባ እንደተጠበቀች እንዲያስረዱ ተጠየቁ፤ ከፍታው የሚያመጣው ቅዝቃዜ በትንኟ ሆድ ውስጥ የሚያድገውን የወባ ተዋስ እድገት እንደሚያዘገይ ደረሱበት። ልጄ የሮቶውን ክዳን በየጊዜው ማየት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚሁ ጋር ስለ ፈጣን የወባ መመርመሪያው የተጻፈውን አነበቡ። መመርመሪያው የሚያገኘው ተዋሱ የሚያመርተውን አንድ ፕሮቲን ነው፤ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል የጎደላቸው ተዋሶች ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ ተገኝተዋል፤ በምርመራው ስለማይታዩም ታማሚው ሳይታከም ይቀርና እነሱ ይስፋፋሉ። መምህርቷ አጥብቀው ያስያዟቸው ነጥብ፣ መመርመሪያው ጉድለቱን አልፈጠረውም፣ አስቀድሞ የነበረውን መረጠው የሚለው ነው። ተፈጥሯዊ መረጣን በተመለከተ ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ የሚሳሳተው እዚሁ ቦታ ይመስለኛል። የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ስላበለጸጉት፣ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ስለሚቋቋም ማሽላም በጥገኝነት ርዕስ ሥር አንብበዋል።

ይህ አካሄድ ለማን እንደሚጠቅም በግልጽ መናገር አለብኝ። መማሪያ መጽሐፉን አንድም ጊዜ ላላነበበ ተማሪ ዜናው ብቻውን መሠረት አይሆንለትም፤ መምህርቷም ይህን ለወላጅ አስቀድመው ይናገራሉ። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሚመጣ ተማሪም አይሆንም፤ የሚያፈራው ዓመቱ ሲጀመር ጀምሮ በዝግታ ሲሄዱበት ነው። የልጄ የባዮሎጂ ውጤት ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ በትምህርት ቤቷም ጎበዝ መምህር ስለነበራት ግን ምስጋናውን ሁሉ ለቅዳሜው ትምህርት ብቻ አልሰጥም። የፈተናው ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያለው ጥያቄ ሲመጣባት ሳትደነግጥ አንብባ የተጠየቀውን ለይታ ማውጣቷ ግን ከዚህ የመጣ መሆኑን እሷም እኔም እርግጠኞች ነን።

መምህርት ሆይ፣ ድካምዎን እግዚአብሔር ይክፈልዎ፤ ልጄን ለማንበብ የማትሰንፍ ብቻ ሳትሆን ያነበበችውን የምትጠይቅ አድርገውልኛል። ክፍያቸው በሰፈራችን ከተለመደው የማይበልጥ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከበዛ እያንዳንዱን ተማሪ ማናገር ስለማይችሉ የሚቀበሉት ጥቂት ተማሪ ነው፤ ስለዚህ የምትፈልጉ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን እስካሁን የሚያሳትሙት ከኪሳቸው ነውና፣ በአካባቢያችን ማተሚያ ያለው ወይም ደስታ ወረቀት ለመስጠት የሚችል ሰው ካለ በዚሁ አጋጣሚ ያሳውቀኝ፣ እኔ አደርስላቸዋለሁ።